የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ የኢሜይል ፕሮግራሙን በከፈተ ቍጥር ኮምፒዩተሩ እንደ ወፍጮ ይጮኽበት ነበር። ማራገቢያው ያጓራል፤ አንዲት መሥመር ለመጻፍ እንኳ ብዙ መጠበቅ ግድ ይሆናል። በመጨረሻም ተናደደና ፕሮግራሙን ከነማኅደሩ ደመሰሰው። አዲሱን በተከለ ጊዜ ግን የሦስት ዓመት ደብዳቤዎቹ አብረው ጠፍተው አገኘ፤ የተቀመጡት በዚያው ኮምፒዩተር ብቻ ነበርና። ከጠፉትም መካከል የባለጉዳዮች ማመልከቻዎች ነበሩ። ወራት የጠበቀ ሰው «እንደ ገና ይጻፉ» ተባለ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ወዳጄ ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ አልታደለም።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የእኛ የወጣቶቹ ነው። በትምህርት ቤት «ለምን?» ማለትን ተምረን ወጣን፤ መኪና ሲያስቸግረን ግን ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ መደምሰስ ይቀናናል።

እስቲ ነገሩን በሥርዐት እንመልከተው። ለምሳሌ በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣለትን ተንደርበርድ የተባለውን ፕሮግራም እንውሰድ። ከሁሉ በፊት ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ማኅደር በሌላ ስፍራ መገልበጥ ይገባል። ቀጥሎ ጥፋተኛውን መለየት ነው። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የተባሉት ቍልፎች በአንድነት ሲጫኑ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከፕሮሰሰሩ ጉልበት በመቶ ስንቱን እንደ ያዘ የሚያሳይ ሰሌዳ ይወጣል። ምናልባትም ጥፋተኛው የደብዳቤውን ፋይል ደጋግሞ የሚመረምረው አንቲቫይረስ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።

ጥፋተኛው ተንደርበርድ ራሱ እንደ ሆነ፣ ለፍለጋ እንዲመች የደብዳቤዎቹን ቃላት በማውጫ እየመዘገበ ይሆናል። ብዙ ሺህ ደብዳቤ ላለው ሰው ይህ ሥራ ሰዓታት ስለሚወስድ፣ አንድ ሌሊት ከፍቶ ማሳደር ብቻ ይበቃ ይሆናል። ማውጫው ተበላሽቶ ሥራው አላልቅ ካለ፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ ግሎባል መሴጅስ ዲቢ የተባለውን የማውጫ ፋይል ብቻ ማጥፋት ነው፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ራሱ መልሶ ይሠራዋል፤ ደብዳቤዎቹም አይነኩም።

ደግሞም የተሰረዘ ደብዳቤ ከዐይን ይሰወራል እንጂ «ኮምፓክት» የተባለው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ከፋይሉ አይወጣም፤ ፋይሉም እያበጠ ይሄዳል። ይህም ካልረዳ፣ ሺፍትን ተጭኖ ፕሮግራሙን መክፈት ነው። ያን ጊዜ የተለጠፉበት ተጨማሪዎች ሳይሠሩ ይከፈታል። ጩኸቱ ጸጥ ካለ፣ ተጨማሪዎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን መያዝ ይቻላል። አንድ በአንድ ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ አምስቱን ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ ቢድንለት እንኳ መድኃኒቱ የትኛው እንደ ሆነ አያውቅምና ሕመሙ ሲመለስ እንደ ገና ግራ ይጋባል።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኔ ጊዜ የለኝም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሁላችንም ባለሙያ ልንሆን አንችልም። ነገር ግን ባለሙያውም ቢመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ምን ለወጥህ?» ብሎ ነው። ይህን የሚመልስለት ከባለቤቱ በቀር ማን አለ?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ኮምፒዩተሩ ሲጮኽ እጃችን ወደ መደምሰሻው ከመሄዱ በፊት ጥቂት እናስብ። በዚያ ውስጥ ያለው ደብዳቤ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በደጅ ቆሞ መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ።