የጥቃቅን አር ኤን ኤዎች ተስፋና የዓይን ብርሃን

ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን የ2024ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ያገኙት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በምትረዝም ትል ላይ ባካሄዱት ምርምር ነው። በ1993 ይፋ የሆነው ግኝታቸው ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላል፤ 22 ገደማ የዘረመል ፊደላት ብቻ ያሉት፣ ራሱ ወደ ፕሮቲን ሳይለወጥ የሌሎችን ፕሮቲኖች ምርት የሚቆጣጠር ሞለኪውል ነው።

ይህ ቁጥጥር የዓይንን የደም ሥሮችም ይመለከታል። የስኳር ሕመም የሬቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲጎዳና ሬቲና ኦክስጅን ሲያጥረው፣ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለ የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን ይበዛል። በዚህ መንገድ የሚበቅሉት አዳዲስ የደም ሥሮች ግን ደካሞች ናቸው፤ ይደማሉ፣ ሬቲናንም ከቦታው ሊያላቅቁ ይችላሉ። ማይክሮ አር ኤን ኤ-126 የቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ.ን መልእክት የሚያፍን ሌላ ፕሮቲን በመቀነስ የደም ሥር እድገትን እንደሚያግዝ በ2008 ታውቋል። እንዲህ ያለውን መቆጣጠሪያ በመድኃኒት ማዘዝ ይቻል ይሆናል የሚለው ተስፋ ምክንያታዊ ነው።

ምክንያታዊ ተስፋ ግን ማስረጃ አይደለም። ቤቫሲራኒብ የተባለው ሰው ሠራሽ አጭር አር ኤን ኤ፣ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. እንዳይመረት ለማድረግ ታስቦ በሰው ላይ እስከ ሦስተኛው የሙከራ ደረጃ ደርሶ ነበር። በ2008 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን በአይጦች ዓይን ውስጥ ምንም ዒላማ የሌላቸው አር ኤን ኤዎችም የደም ሥር እድገትን እንደሚገቱ አሳየ። ሥራውን የሠራው ቲ.ኤል.አር.3 የተባለው የሰውነት መከላከያ ተቀባይ እንጂ የታለመው ዘረመል አልነበረም። በ2009 የቤቫሲራኒብ ሙከራ ተቋረጠ። ውጤት መታየቱ አንድ ነገር ነው፤ ውጤቱ በታሰበው መንገድ መምጣቱ ሌላ።

ስለዚህ “ዓይነ ስውርነትን የሚያስቀር ሞለኪውል ተገኘ” የሚል ዜና ሲሰማ ሁለት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው፦ የተሞከረው በአይጥ ነው ወይስ በሰው? ዒላማ ከሌለው አር ኤን ኤ ጋርስ ተነጻጽሯል?

የስኳር ሕመምተኛም ዜና እየጠበቀ ቀጠሮ ሊያሳልፍ አይገባም። የሬቲና ጉዳት ሲጀምር ሕመምም ብዥታም ላይኖረው ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ሌዘርና ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ.ን የሚያግዱ መርፌዎች ዛሬም የብዙዎችን ብርሃን ያተርፋሉ። ከባሕር ማዶ እየደወለ የወላጆቹን የስኳር መጠን የሚጠይቅ ልጅ፣ ዓይናቸውን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተመረመሩም አብሮ ይጠይቅ።