የሰፊ ቢሮ መብራትና የእጅ ማብሪያው

አሰላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ8 ዲግሪ ገደማ ስለምትገኝ፥ የቀኑ ርዝመት ከወር ወር የሚለያየው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሰፊ ቢሮ በሰዓት ቆጣሪ የሚታዘዝ መብራት ይበቃል የሚል አስመጪ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በክረምት የጭላሎ ደመና ሲወርድ ቀትሩ ይጨልማል፤ ሰዓት ቆጣሪው ይህን ከቶ አያውቅም። እንቅስቃሴ ለይቶ የሚያበራው መሣሪያም ቢሆን፥ ሳይነቃነቅ መዝገብ የሚያመሳክረውን የሒሳብ ሹም እንደ ሌለ ቆጥሮ በጨለማ ይተወዋል። እንዲህ የተቸገረ ሠራተኛ መሣሪያውን አስነቅሎ መብራቱን ቀንና ሌሊት ቢያበራ አይፈረድበትም፤ የሚጎዳው የዕቃው ስምና የባለ ሱቁ ገበያ ነው።

ስለሆነም እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ከግድግዳ ላይ የሚተከል የእጅ ማብሪያም አብሮ ማምጣት ይገባዋል። ማብሪያው የመስኮቱን ረድፍ ለብቻ፥ የመካከሉንም ለብቻ የሚያዝ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ሲነካ ሁለት ሰዓት ያህል አብርቶ፥ ሊጠፋ ሲልም በብልጭታ አስጠንቅቆ ወደ ቀድሞው ሥርዓቱ ይመለስ። ዋጋው ከበድ ማለቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ስለ ተወሰነ፥ ገዢው ሒሳቡን ለመሥራት አይቸገርም። ዕቃው ሲታዘዝ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።