ስሜን ያልጻፉበት መዝገብ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

ስምዎን እዚህ አልጠራም። እርስዎም ያኔ የእኔን አልጻፉም፤ የማመሰግንዎም ለዚሁ ነው።

1976 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። በ1975 ኩራዝ አሳታሚ ያሳተመለት «ኦሮማይ» በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ገበና ስላወጣ ከየመደብሩ ተለቅሟል። እኛ ዘንድም የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር የያዙ ሁለት ሰዎች መጡና እርስዎ የሚጠብቋት ባለ አንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት ገቡ። እኔ ጥግ ይዤ የታሪክ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬያለሁ።

«‹ኦሮማይ›ን ተውሰውት ወጥቷል» አሉ እርስዎ።

ሰዎቹ መዝገቡን ገለጡት። ቀኑ አለ፣ የመጽሐፉ ርእስ አለ፤ የተዋሰው ሰው ስም የሚሰፍርበት ቦታ ባዶ ነው። «ሳልጽፍ መስጠቴ የእኔ ጥፋት ነው» ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ። ደመወዝዎን ተቀጡ። የልጆችዎ እናት ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፉት ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

መጽሐፉ ቤቴ፣ ገብስ ጎታው ሥር ነበር። በጋዜጣ ጠቅልለው «ሁለት ሌሊት» ብለው የሰጡኝን፣ የኩራዝ ጢስ አፍንጫዬን እያጠቆረው ሦስት ሌሊት አቆየሁት። ታላቅ ወንድሜ ቤተልሔም በተባለው ደብር ድጓውን በገዛ እጁ እየጻፈ ይማር ነበርና፣ እንደ እሱ ልሁን ብዬ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በደብተር ገለበጥኩ። በጋይንት መጽሐፍን በእጅ ጽፎ ማቆየት ለማንም አዲስ አይደለም።

ሳንሱርን የከለከለው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 የወጣው በ1985 ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 አጸናው። እርስዎ ግን አዋጅ አልጠበቁም።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ከሩቅ የሰማሁት ወሬ ነው። በአሜሪካ የአርካንሶ ግዛት በእኛ አቆጣጠር በ2015 ባወጣው ሕግ ቁጥር 372፣ ለልጆች «ጎጂ» የተባለ መጽሐፍ በልጅ እጅ ያስገባ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እስራት ይጠብቀው ነበር። ቤተ መጻሕፍትና መጽሐፍ ሻጮች ተባብረው ከሰሱ፤ በታኅሣሥ 2017 የፌዴራል ዳኛ የቅጣቱን አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። እነሱ የሚጮኹበት ችሎት ነበራቸው። እርስዎ የነበረዎት አንድ መዝገብና አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

«ኦሮማይ» ዛሬ በአደባባይ ይሸጣል፤ በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ የያዛችሁ ሁሉ ይህን ሰው እወቁልኝ፤ ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ቢኖር የአንባቢውን ስም አትስጡ።

ጋሼ፣ አንዷን ሌሊት ሳላስፈቅድ መጨመሬን ይቅር ይበሉኝ። ደብተሩ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።

አክባሪዎ፣
ያኔ ጥግ ይዞ የነበረው ተማሪ