የጉዞ ቀን ዕቃ ጠባቂ አይኑር

በዛሬው ጽሑፌ ስለ እግር ጉዞ፣ ተራራ ስለ መውጣትና ውጭ ስለ ማደር ላወያያችሁ ፈልጌአለሁ። «ስደተኛ በእግር መጓዝና ሜዳ ላይ ማደር መቼ አነሰው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሸሽቶ መሄድና ወዶ መሄድ ለየቅል ናቸው። ሲሸሹ መንገዱን የሚመርጠው ፍርሃት ነው። ለጉዞ ሲወጡ ግን ካርታውን የሚይዘው፣ ውኃውን የሚያካፍለው፣ የት እንደሚታደር የሚወስነው ወጣቱ ራሱ ነው። ይህ ደግሞ በካምፕ ኑሮ በቀላሉ አይገኝም፤ እዚህ አብዛኛው ነገር በሌላ ሰው ተወስኖ ይመጣልና።

ይህን ዓይነቱን ትምህርት ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ራሱ ስደተኛ ነበር። ኩርት ሃን የተባለው ጀርመናዊ መምህር ሂትለርን በመቃወሙ በ1933 እ.ኤ.አ. ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። በ1941 ወጣቶች በባሕርና በተራራ የሚሠለጥኑበትን አውትዋርድ ባውንድ የተባለ ትምህርት ቤት በዌልስ ጠረፍ ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ። ሐሳቡ በ1956 በዚያው በብሪታንያ ለተጀመረው የኤድንብራ መስፍን ሽልማት መነሻ ሆነ። ያስጠጋችን ኬንያም ከ1966 ጀምሮ ተመሳሳይ መርሐ ግብር አላት፤ የፕሬዚዳንቱ ሽልማት ይባላል። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 24 ለሆኑ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን አንዱ ክፍሉ የጀብዱ ጉዞ ነው። ለመጀመሪያው የነሐስ ደረጃ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ይበቃል።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? በየካምፑ የጉዞ ቀን ሲደርስ ክራንች የያዘው ልጅ የጓደኞቹ ቦርሳ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ማየት የተሳናት እህታችን «አንቺማ ፀሐዩ ይጎዳሻል» ትባላለች፤ ፀሐዩ ሌላውን የማይጎዳ ይመስል። ይህ የሚሆነው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ገንዘቡ ሲጠየቅ እነሱ ስላልተቆጠሩ ነው። በጀቱ ለመኪና፣ ለውኃና ለምሳ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ «ለእነሱስ?» ቢባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ለሚቀጥለው ዓመት»።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ለወጣቶች ጉዞ የሚለግስ ድርጅት ሲገኝ፣ በማመልከቻው ላይ ከሁሉ በፊት የሚጻፈው የአካል ጉዳተኛው ተማሪ ወጪ ይሁን። ይህ ልመናም ምጽዋትም አይደለም። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች ልጆች እኩል እንዲካፈሉ ይደነግጋል፤ በትምህርት ቤት ያለውንም ጨምሮ።

«አይችሉም» ለሚል ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ማየት የተሳነው አሜሪካዊ ኤሪክ ዋይንሜየር በ2001 የኤቨረስትን ጫፍ ረግጧል። ከፊቱ የሚሄደው ጓደኛው ቃጭል ያንጠለጥላል፤ እሱም የቃጭሉን ድምፅ ተከትሎ ይራመዳል። አንድ ቃጭል ስንት ያወጣል? ጆኤል ክሎዴል የተባለ ፈረንሳዊ የተራራ መሪ ደግሞ በ1987፣ ጡንቻ የሚያደክም ሕመም ለነበረበት ወጣት ዘመዱ አንድ እግር ብቻ ያለው የጉዞ ወንበር ሠራ። ከመሐል አንድ ጎማ፣ ከፊትና ከኋላ መያዣ አለው፤ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ሚዛኑን ይጠብቃል። ባለ ሁለት ጎማው በማያልፍበት ቀጭን መንገድ ያልፋል።

እስቲ ካኩማን ተመልከቱ። ተሽከርካሪ ወንበር አሸዋው ላይ ሲደርስ እንደሚሰምጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብረት የሚበይዱና ብስክሌት የሚጠግኑ ወንድሞችም በመካከላችን አሉ። የልገሳው ገንዘብ ለብረት፣ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለብየዳ ቢውል፣ ወንበሩ እዚሁ ይሠራል፤ ሲሰበርም እዚሁ ይጠገናል። በሜዳ ላይ በደንብ ተሞክሮ ከዚያ ለጉዞ ይውጣ።

ነገሩ በትልቁ ካልተጀመረ አይሆንም የሚሉም አሉ። ጁቢሊ ሴይሊንግ ትረስት የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች ጎን ለጎን የሚሠሩባቸው ሁለት ትላልቅ ባለ ሸራ መርከቦች ነበሩት። ለተሽከርካሪ ወንበር ሊፍት፣ ማየት ለተሳናቸው የሚናገር ኮምፓስ ነበራቸው። እጅግ መልካም ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ መርከብ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ድርጅቱ ወጪውን መቋቋም አቅቶት በ2023 ሥራውን አቆመ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለጋሹ ቢሄድም በእጃችን የሚቀር ነገር እንጠይቅ።

አሁን ከባዱን ጥያቄ ላንሣ። በ2025 የለጋሾች ገንዘብ ሲያንስ የምግብ ራሽን ምን ያህል እንደተቀነሰ ያየ ሰው፣ «ሆድ ሳይጠግብ ምን ተራራ አለ?» ቢል አልፈርድበትም። ከእህሉ ተቀንሶ ለጉዞ ይሰጥ አልልም፤ ለእህል የመጣው ለእህል ይዋል። ነገር ግን ለወጣቶች ስፖርትና ትምህርት ተብሎ የሚመጣ ገንዘብ አለ። እሱ በቲሸርትና በባነር ከሚያልቅ ጎማና ቃጭል ይግዛ።

ከካምፕ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ከአንዱ የካምፑ ጫፍ እስከ ሌላው በማለዳ መጓዝ ይቻላል። ታራች ወንዝ ግን ደረቅ አሸዋ ቢመስልም ላይኛው አገር ዘንቦ ድንገት ይሞላልና፣ በዝናብ ወቅት መንገዳችን እዚያ አይሁን።

መምህራን፣ የሚቀጥለውን የጉዞ ዕቅድ ስትነድፉ አስቀድማችሁ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎቻችሁን ጠይቁ፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለጋሾች፣ የተጓዦችን ብዛት ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረ ጠይቁ። እናንተም ተማሪዎች፣ ወንበሩን ለመያዝ ተራ ግቡ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ የለም አበው? ቦርሳውንም እያንዳንዱ የራሱን ይሸከም፤ ጠባቂ አያስፈልገውም።