የልጅ አቤቱታ ለማን ይድረስ?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን፣ «መንግሥትን በወላጅና በልጅ መካከል ምን ጥልቅ አደረገው? ዱሮስ ያለ መንግሥት ልጅ አላደገም እንዴ?» አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና መንግሥት ያልነበረበትን አገር እንመልከት።

በጎረቤታችን በሶማሊያ በጥር 1983 ዓ.ም. ማዕከላዊው መንግሥት ሲወድቅ ሕግ ጨርሶ አልጠፋም። «ሔር» የሚባለው የጎሣ ሕግ ነበረና ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር እየተቀመጡ ደም ያደርቁ ነበር። በዚሁ ሕግ ሕፃናት፣ ሴቶች፣ አረጋውያንና እንግዶች «ቢሪ ማ ጌይዶ» ይባላሉ፤ ጦር አይነካቸውም ማለት ነው። በጦርነቱ ደንቡ ብዙ ጊዜ ቢጣስም፣ ያወጡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

ግን ልብ በሉ! ካሣ የሚጠይቀው የተበዳዩ ጎሣ ነው፤ የሚከፍለውም የበዳዩ ጎሣ። ታዲያ አባት በገዛ ልጁ ላይ ግፍ ቢሠራ ከሳሹ ማን ሊሆን ነው? ከፋይና ተቀባይ አንድ ወገን ሆኑ እኮ! እርግጥ የእናት ዘመድ ወይም ደግ ሽማግሌ ሊገላግል ይችላል። ይህ ግን የሰው ቸርነት እንጂ የልጁ መብት አይደለም። ከውጭ ለሚመጣ ጦር ጋሻ የሆነው ሕግ፣ ከቤት ለሚነሣ ዱላ ጋሻ አልሆነም።

ይህን ስል የወላጅ ሥልጣን ይፍረስ ማለቴ አይደለም። ልጅን የሚያሳድገው ወላጅ እንጂ ቢሮ አይደለም። ሆኖም ማንኛውም ሥልጣን ተመልካች ዓይን ያስፈልገዋል።

እኛስ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነገር ግን አንዳንዶቻችን የምንመደበው ፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቀበሌ ነው። እዚያ ጀርባው የተሰነተረ ልጅ ክፍል ሲገባ ቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። አይቶ ዝም ካለ፣ ለዚያ ልጅ መንግሥት ኖረ አልኖረ ምን ለውጥ አለው? ወላጁን በአክብሮት ማነጋገር፣ ካልሆነም ሽማግሌ መላክ፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሕግ ማመልከት የኛ ፈንታ ነው።

ታዲያ አርጩሜ የያዘ መምህር በምን አፉ አባትን ይመክራል? መጀመሪያ የራሳችንን እንጣል።

ከአንድ ሠልጣኝ