ማን እንደሆነች ሳይጠየቅ አትቀበር

ማንነቷ ያልታወቀ የአንዲት ወጣት አስከሬን ሲገኝ የሚሆነው ይታወቃል። ፖሊስ ይጠራል፣ አስከሬኑ ሆስፒታል ይገባል፣ «ዕድሜዋ ከ18 እስከ 25 የሚገመት፣ መልኳ ጠይም፣ ቁመቷ መካከለኛ» የሚል ማስታወቂያ ይነገራል። ጠያቂ ከጠፋ ማዘጋጃ ቤት ይቀብራል። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ይዞ ደብረ ታቦር ገበያ የወጣ ሰው መቶ ልጅ ጠቁሞ ይመለሳል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም አጭር ነው፤ ኋላ ዘመድ ቢመጣ ሟቹን ሊለይበት የሚችል መረጃ ተሰብስቦ ሳይመዘገብ ማንም መቀበር የለበትም። ደቡብ ጎንደር ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ያስቸኩላል።

ከጉና ተራራ አካባቢ ካሉት ወረዳዎች፣ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት ልጆች መውጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። መሬቱ ጠቧል። አንዷ ያለዕድሜዋ ከታጨችበት ጋብቻ ትሸሻለች፣ ሌላዋ ታናናሾቿን ላስተምር ብላ ትሄዳለች። በወረታ አድርገው ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ የቀናት ዐረብ አገር። በመተማ የሚሻገሩም አሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ስም ቶሎ ይለወጣል። ደላላው ዕድሜዋን ጨምሮ ያስጽፋል፤ ክርስቲያኗን በሙስሊም ስም ፓስፖርት ያስወጣላት ደላላም ነበር። አሠሪዋ ለአፏ የቀለላትን ስም ታወጣላታለች። ሁለት ዓመት እንጀራ የጋገረችላቸው ሰዎች የአባቷን ስም ሲጠየቁ እርስ በርስ ይተያያሉ። ልጅቱ በሕይወት ሳለች የጠፋውን ስም ነው ፖሊስ ከሞተች በኋላ የሚፈልገው። ስለዚህ ስም የሌለው ሰው የሚታወቅበትን ነገር መያዝ ግድ ነው።

ይህ ነገር አስከሬኑ ላይ አለ። የማተቧ ክር ቀለምና አቋጠር፣ ክሩ ላይ የተሰካው መስቀል፣ የድድ ንቅሳት፣ የሹሩባዋ አሠራር፣ እጅና እግሯ ላይ ያልለቀቀው እንሶስላ፣ የቀሚሷ ጥልፍ። የጋይንት እናት በእጇ የጠለፈችውን ከመቶ ቀሚስ መካከል ትለየዋለች። ቀሚሱ አብሮ ከተቀበረ ወይም ደም ነክቶታል ተብሎ ከተቃጠለ ግን ምን ታያለች? በጣሊያን የሚላኗ የአስከሬን ምርመራ ሊቅ ክርስቲና ካታኔዮና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ሜዲትራኒያን ላይ ከሰጠመው መርከብ ከወጡት ሟቾች የአንዱን ታዳጊ ልብስ ሲፈትሹ የትምህርት ቤት ውጤት ካርዱን ጃኬቱ ውስጥ ተሰፍቶ አግኝተውታል። ልብስ ይናገራል፤ የሚፈትሸው ሰው ካለ።

ይህ የሀብታም አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ የራሳችንን እናስታውሰው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኤጀሬ አካባቢ ሲከሰከስ 157 ሰዎች ሞቱ። ከ35 አገሮች የመጡ ነበሩ። ዘመዶቻቸው የዲ ኤን ኤ ናሙና ሰጡ፣ ኢንተርፖል ገባበት፣ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ የሁሉም ማንነት ታወቀ። የተገኘው ቁርጥራጭ ብቻ ሆኖ ሳለ ይህ ከተቻለ፣ ሙሉ አካሏ ሆስፒታል የተኛን ልጅ «አልታወቀችም» ብሎ መሸኘት የአቅም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእርግጥ እያንዳንዱን ሟች በኢንተርፖል እንመርምር አንልም። የጣት አሻራ መውሰድ ግን ቀለምና ወረቀት ነው፤ ሰውነቱ ሳይበላሽ በጊዜ መሠራቱ ብቻ ይፈለጋል።

ሕጉም ባዶ አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ምዝገባውም በ2008 ተጀምሯል። በ2015 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የወጣለት የፋይዳ መታወቂያ ቋት ደግሞ የተመዝጋቢውን የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይይዛል። የሟችን አሻራ ከዚህ ቋት ጋር ማመሳከር በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ለዚህ ዓላማ ብቻ የሚፈቀድበት ግልጽ መመሪያ ይውጣ። ትእዛዙ ይኑር የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ በቀጠለው ጦርነት መካከል ማን የማንን አሻራ እንደሚፈልግ የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም።

ቤተሰቡ ዘንድ ያለውን እንይ። መንገድ ተዘግቶ ስልክ ሲቋረጥ የልጅ ድምፅ መጥፋት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሁሉም ሊሆን ይችላል። መርዶ ያልተነገረበት ቤት ለቅሶ አይቀመጥም። ካህኑ ፍትሐት የሚያደርገው በክርስትና ስሟ ነው፤ ሞቷ ካልታወቀ ተዝካርም የለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ያለፈውን ሰው ፍርድ ቤት እንደጠፋ እንዲወስን ይፈቅዳል። ለርስትና ለትዳር ይጠቅም ይሆናል፤ እናት ግን በውሳኔ ወረቀት አታለቅስም።

አሁን አሁን ክፍተቱን የሞላው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ነው። የሟች ፊት ይለጠፋል፣ «ሼር አድርጉ» ይባላል። አንዳንዴ ዘመድ እንደሚገኝበት አንክድም። ነገር ግን ወንድሟ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩ ላይ መርዶውን የሚያይበት አሠራር ነውር ነው። የሚለጠፈው ልብሷ፣ ማተቧ፣ ጫማዋ ይሁን፤ የፊቷ ፎቶ ፖሊስ ዘንድ ተቀምጦ ዘመድ ነኝ ለሚል ብቻ ይታይ። እኛም የሟች ፊት አናትምም።

የውጭው ጉዳይ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ባሉት አሥር ዓመታት በስደት መንገድ ላይ የሞቱና የጠፉ ከ63 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝግቧል፤ ሞታቸው ከተመዘገበው ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ማንነታቸው አልታወቀም። የየመንን የባሕር ዳርቻ ከደብረ ታቦር መቆፈር አይቻልም። ልጇ የጠፋባት እናት ግን ቃሏን የምትሰጥበት ጠረጴዛ በየወረዳው ሊኖር ይችላል፤ ምልክቷን፣ የሄደችበትን ቀን፣ የደላላውን ስም የሚመዘግብ። ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያገናኝበት አገልግሎት አለው፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወደዚያ የሚመራበት ደብዳቤ እንኳ ይኑረው።

የአስከሬን ምርመራ ሲባል ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መላክ ማለት ነበር። መኪናውን ማን ይክፈል ሲባል ስንት ጉዳይ እንደቀረ የሚያውቀው ያውቀዋል። ክልሉ ለዚህ በጀት ይያዝ። የዞኑ ፖሊስና ሆስፒታሉ ግን በጀቱ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የሆነ ቅጽ፣ ካሜራ፣ የአሻራ ቀለም፣ ልብሱ የሚታሸግበት ከረጢት፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥንና በመቃብሩ ላይ የሚተከል፣ ከመዝገቡ ጋር የሚመሳከር ቁጥር ለመጀመር ይበቃሉ። ቅጹ ላይ የሚፈርመው ሐኪምና መርማሪ በስም ይታወቅ፤ ዘመድ ከዓመት በኋላ ሲመጣ የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ።