«ውጣ!» ማለት ሕክምና ነው ወይ?

«ለትምህርት ቤት ነርስ ቅንጦት ናት» ላላችሁ ወገኖች! እስቲ የኒውዮርክን ጉድ ስሙ። ሐኪሙ እየዞረ ትራኮማ ወይም ቅማል ያየበትን ተማሪ «ውጣ!» ይለው ነበር። ወጥቶስ? የሚያክመው የለም፤ ከሰዓት በኋላ ከነዚያው የክፍል ጓደኞቹ ጋር መንገድ ላይ ሲራገጥ ያመሻል። (ጥበቡን እዩልኝ!)

እ.ኤ.አ. በ1902 ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ አራት ትምህርት ቤቶች ተሰጥተዋት ሥራ ጀመረች። ቁስሉን አጥባ፣ ጭርቱን ቀብታ ልጁን ወደ ክፍሉ መለሰችው፤ ቤቱ ድረስ ሄዳም እናቱን አሳየች። ሌሎች ነርሶች ተጨመሩ። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 10,567 የነበረው የተባራሪ ቁጥር፣ በዓመቱ ሴፕቴምበር 1,101 ሆነ።

ታዲያ ትራኮማ እንደኛ በበዛበት አገር፣ ለዳይሬክተሩ ሶፋ የተገኘው ገንዘብ ለነርስ ደመወዝ ሲሆን የት ገብቶ ነው የሚጠፋው? መልሱልና!